ከጧፍ ቅርጫት የወጣው ጥቁር ወረቀት

እማማ ፀሐይቱ ያን ዕለት ከጧፍ ቅርጫታቸው አውጥተው ለሠርካዲስ የሰጧት ጥቅል ለእሷ የተላከ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልቤ ይረፍ። ሠርካዲስ ግን በምን ታውቃለች? ዓመት ሙሉ ከዚያ ቅርጫት የሚወጣላት ነገር ሁሉ የኢዶሳ ደብዳቤ ነበር።

እማማ ፀሐይቱ በልደታ ማርያም ቅጽር በር ላይ ጧፍ ሲሸጡ የኖሩ፣ ዓይናቸው የደከመ ሴት ናቸው። ሰውን በድምፁ፣ ደብዳቤን በእጃቸው ዳብሰው ነው የሚለዩት። "ዛሬስ ወፈር ብሏል ልጄ፤ ናፍቆቱ ጠንቶበት ይሆናል" ብለው ሳቁ። ሠርካዲስ አፍራ ፊቷን አዞረች፣ ጥቅሉን ነጠላዋ ሥር ሸጎጠች፣ ደጁን ተሳለመችና ወደ ቤቷ ገሠገሠች።

ወሩ ጥቅምት ነው፤ ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባ ሦስተኛው ዓመት። የሠርካዲስ አባት ግራዝማች ወልደአማኑኤል በየካቲቱ እልቂት ከቤታቸው ተወስደው በዚያው ቀርተዋል። ወንድሟ ሀብተ ማርያም ከአርበኞቹ ጋር ጫካ ነው። ሎሌውም ገረዱም ተበትኖ፣ በዚያ ሰፊ ግቢ ውስጥ የቀሩት እሷና እናቷ ወይዘሮ ወለተሰንበት ብቻ ናቸው። ኢዶሳ ደግሞ የአቶ ሙለታ ልጅ ነው፤ አቶ ሙለታ ማለት የግራዝማች በቅሎዎች ጠባቂ የነበሩት ሰው። ወይዘሮ ወለተሰንበት ንብረታቸውን ሁሉ ጣሊያን ሲወስድባቸው ኩራታቸውን ግን አላስነኩም። "የበቅሎ ጠባቂ ልጅ" ማለትን ዛሬም ያውቁበታል። ደብዳቤው በጧፍ ቅርጫት የሚጓዘውም በዚሁ ምክንያት ነበር።

ሠርካዲስ የጓዳውን በር ዘግታ ጥቅሉን ፈታች። ደብዳቤ የለም። ጥቁር ወረቀት ነው፤ ውስጡ ሌላ ጥቁር ወረቀት፤ በዚያ ውስጥ ደግሞ ሦስት ፊልሞች። እጇ ላይ ሆነው ምንም አያሳዩም። ሽታቸው ግን የምታውቀው ነው፤ ሆምጣጤ ሆምጣጤ የሚለው፣ ከኢዶሳ ጣቶች የማይለቀው ሽታ። ወደ መስኮቱ ሄዳ አንዱን ለብርሃን ስትገልጠው ክው ብላ ቀረች።

አገር ነው የታያት። ከሰማይ ወደ ታች የታየ አገር። በአንድ ወገን እኩል እኩል የሆኑ ነጫጭ ነገሮች ተራ ገብተው ተሰልፈዋል፤ ቤቶች መሆን አለባቸው። ከእነሱ በታች ያለው ደብዛዛ ግራጫ ጫካ ነው። በግራጫው መካከል እዚህም እዚያም ጥቋቁር ክቦች አሉ፤ ዋሻ ይሁኑ ኩሬ እንጃ። ነጭ መንገድ ጫካው አፍ ላይ ክብ ሠርቶ ይጀምራል። ሁለተኛውን ፊልም አነሣች። ያው አገር ነው፣ መንገዱ ግን እየተጠማዘዘ ወደ ውስጥ ገብቷል። በሦስተኛው ጫካውን ሰንጥቆ ማዶ ደርሷል። በየፊልሙ ጥግ፣ አሳምራ በምታውቀው ቀጠን ያለ የኢዶሳ ጽሕፈት፣ "ግማሽ ሰዓት"፣ "አንድ ሰዓት"፣ "ሦስት ሰዓት" ተብሎ ተጽፏል።

ልደታ ለሚኖር ሰው ስለ አውሮፕላን አይነገረውም። ማረፊያው ከቤታቸው ታች ነው፤ ጠዋት ጠዋት አውሮፕላኑ እያጓራ ይነሣል፣ ወደ ጫካው ይሄዳል፣ ይመለሳል። አንዳንዱ ቦምብ ጥሎ፣ አንዳንዱ ፎቶግራፍ ብቻ አንሥቶ እንደሚመለስ፣ ፎቶግራፍ በተነሣ በሳምንቱም ጦር እንደሚዘምት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያወራል። የኢዶሳ መሥሪያ ቤት ደግሞ የማረፊያውን አጥር ታክኮ የተሠራ ነው።

"የእንስሳት ሐኪም ቤት" ነበር ያላት። ምን ትሠራለህ ስትለው "ያው፣ ማጠብ" ይላታል። የሚታጠበው ፈረስ ነው ውሻ? አይናገርም፣ ወሬ ይለውጣል። እዚያው ግቢ ልብስ የምታጥብ አንዲት ጎረቤት ግን ባለፈው ሳምንት፣ የሁለቱን ነገር ሳታውቅ፣ "የሙለታ ልጅ እኮ ጨለማ ክፍል ተዘግቶበት ፎቶግራፍ ነው የሚያጥበው" ስትል ሠርካዲስ ሰምታ ነበር። ያን ጊዜ ዋጥ አድርጋው ነበር። አሁን ጉሮሮዋ ላይ ቆመ።

ፊልሞቹን ከፍራሿ ሥር አስገብታ አልጋው ላይ ቁጭ አለች። የወደደችው ሰው ባንዳ ይሆን? ቃሉን በልቧ እንኳ ሙሉውን ማለት ፈራች። ማልቀስ አማራት፤ እንባው ግን አልመጣ አለ።

*

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ተገናኙ። ኢዶሳ ቀድሟት ቆሞ ነበር። ሌላ ጊዜ ገና ከሩቅ ሲያያት ባርኔጣውን አውልቆ የሚያደርግበት ጠፍቶት በእጁ የሚያሽከረክር ልጅ፣ ዛሬ ባርኔጣ ያደረገ መሆኑንም የረሳ ይመስላል። የሚያየው እሷን ሳይሆን ከኋላዋ የሚመጣ ሰው መኖር አለመኖሩን ነው።

"እማማ ፀሐይቱ ተሳስተው የሰጡሽ ነገር አለ?" አላት። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

"ምን ዓይነት ነገር?"

"ጥቁር ወረቀት። ፍተሻ አለ ሲባል ያስቀምጡልኝ ብዬ ነበር የሰጠኋቸው። ዛሬ ብጠይቃቸው ለማን እንደሰጡት ጠፋቸው።"

"ለእኔ አልሰጡኝም" አለች ሠርካዲስ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ። "ምን ነበረበት?"

ኢዶሳ ወደ እሷ ጠጋ አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሠርኬ፣ ምናልባት እጅሽ ከገባ አትክፈቺው። ለሰውም አታሳዪው። ከእኔ ዘንድ መገኘቱን ካወቁ በሕይወት አይተዉኝም" አላት።

"የጣሊያን ነው ማለት ነዋ።"

"የጣሊያን ነው።"

"ታዲያ አንተ ጋ ምን ያደርጋል?"

 ፊቱ እስከ ጆሮው ድረስ ተለዋወጠ፣ ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። ሠርካዲስ ሁሉንም አየች። የሚዋሽ ሰውና የሚያፍር ሰው ፊታቸው አንድ ዓይነት መሆኑን ግን ያን ጊዜ የሚነግራት አላገኘችም።

"አንድ ቀን እነግርሻለሁ" አለ በመጨረሻ። "ዛሬ አትጠይቂኝ።"

"ወንድሜ የት እንዳለ ታውቃለህ፣ አይደል?"

"አውቃለሁ።"

"ማን ነገረህ?"

"አንቺ ነሻ!" አለ ግራ ገብቶት። "ምን ሆነሻል ዛሬ?"

እውነት ነው፣ እሷው ናት የነገረችው። ባለፈው ፋሲካ፣ እዚሁ ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ የትኛው ወንዝ፣ ከየትኛው ተራራ ግርጌ፣ አንድም ሳታስቀር ዘርግፋለታለች። ምነው ምላሴን በቆረጠው አለች በልቧ። ኢዶሳ የትከሻዋን ነጠላ ሊያስተካክልላት እጁን ሲዘረጋ፣ ሳታስበው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ሁለቱም ደነገጡ። እሱ እጁን ወዴት እንደሚመልሰው ጠፍቶት ቆመ፤ የጣቶቹ ጫፍ ቢጫ ነበር።

"እናቴ ትፈልገኛለች" ብላው ሄደች። ከኋላዋ "ሠርኬ!" ብሎ ተጣራ። ቤቷ እስክትደርስ ድምፁ ከጆሮዋ አልጠፋም። ከሁሉ ያናደዳት እንደ ወትሮው ደስ ማለቱ ነው።

*

አቶ ወልደ ሚካኤል የእናቷ ወንድም ናቸው። ከልደታ ወደ ከተማ በሚያወጣው መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ የልብስ ስፌት መኪና ላይ አጎንብሰው ይውላሉ። በሳምንት የሚሰፉት ሱሪ ግን አንድ አይሞላም። ከዚያች ክፍል መድኃኒትም፣ ወሬም፣ አንዳንዴም ጥይት ወደ ጫካ ይወጣል። ይህን የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ሠርካዲስ አንዷ ናት።

ሁለት ቀን ከራሷ ጋር ስትሟገት ከረመች። በሦስተኛው ቀን ፊልሞቹን መቀነቷ ውስጥ ጠቅልላ ሄደች። አቶ ወልደ ሚካኤል በሩን ቀርቅረው በመስኮት ብርሃን አዩዋቸው። ሰው "አገር ነው" ተብሎ የተሰጠውን አገር አድርጎ ያያል፤ እሳቸውም አዩት።

"ይሄ ነጩ መንገድ ነው?"

"ጦሩ የሚሄድበት ይመስለኛል። ሰዓቱ ተጽፏል፤ በግማሽ ሰዓት እዚህ፣ በሦስት ሰዓት እዚያ።"

"እጁ የማን ነው?"

"የኢዶሳ። የአቶ ሙለታ ልጅ።"

አቶ ወልደ ሚካኤል ፊልሙን ወደ ታች አወረዱት። "ሀብተ ማርያም ያለበትን ለማን ተናገርሽ?"

"ለእሱ" አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም።

ቢቆጧት፣ ቢመቷትም በተሻላት ነበር። አጎቷ ግን መቀሳቸውን አንሥተው አንድ ክር ቆረጡ፣ ክሩን መሬት ላይ ጣሉት። "ኅዳር ሚካኤል ዕለት ዘጠኝ ሰዓት" አሉ። "ሰው ሁሉ ንግሥ ላይ ነው፤ ከታች ወንዙ ዳር ማንም አይኖርም። ሁለት ሰዎች ከጫካ ይመጣሉ። አንቺ ጥሪልን።"

"ምን ያደርጉታል?"

"ይጠይቁታል።"

"ከጠየቁት በኋላስ?"

"እሱ በሚመልሰው ነው።" ቀና ብለው አዩዋት። "ሌላ ሰው ቢጠራው አይመጣም፣ ልጄ። ወንድምሽን አስቢ።"

ሠርካዲስ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወረቀትና ቀለም ይዛ ተቀመጠች። ዓመት ሙሉ ደብዳቤዋን ስትጀምር "ለተወደድከው ለአቶ ኢዶሳ" ነበር የምትለው። ከዚያ አልፎ መጻፍ የሴት ልጅ ወግ አይመስላትም፤ የግራዝማች ልጅ ናት። አሁን ግን ሰውየው መምጣት አለበትና እንዲህ ስትል ጻፈች፦

"የኔ ኢዶሳ። ያን ቀን የሸሸሁህ ጠልቼህ አይደለም። የሚያስፈራኝ አንተን መውደዴ ነው። ደብዳቤህን ከመቀነቴ ፈትቼ ሳላነብ ያለፈ ቀን የለም። ኅዳር ሚካኤል ዕለት በዘጠኝ ሰዓት ከታች ወንዙ ዳር፣ ትልቁ ሾላ ሥር ጠብቀኝ። እናቴ ወደደችም ጠላችም ሚስትህ እሆናለሁ።"

ቃሉ ሳይቸግራት፣ አንድ ፊደል ሳይሰረዝ አለቀ። መልሳ ስታነበው ፈራች። ሰውን ወደ ሞት ለመጥራት የተጻፈ ደብዳቤ እንዴት እንዲህ ይቀላል? በማግስቱ ከእማማ ፀሐይቱ ቅርጫት መልስ መጣላት፤ አንድ መስመር ብቻ። "እመጣለሁ። ቀኑ ግን ራቀብኝ።" ሠርካዲስ ወረቀቱን አጥፋ ለመቅደድ ሞከረች፣ አልቻለችም፣ መልሳ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው።

*

ኅዳር ሚካኤል በግራዝማች ቤት ዝክር ነበረው። አገር ሲታመስም፣ ባልየው ሲሞቱም ወይዘሮ ወለተሰንበት አላስታጎሉትም። ዘንድሮም አንድ በግ ከዘመድ ተልኮላቸው፣ አንድ ጎረቤት አርዶ ገፎ፣ ሥጋውን ግቢው ውስጥ ካለው ጽድ ላይ ሰቅሎላቸው ወደ ንግሡ ሄደ። የሆድ ዕቃውን የሚያጥብ ሰው ግን የለም። በድሮው ጊዜ ሦስት ገረዶች የሚሻሙበት ሥራ ነበር።

"ነይ፣ ቁጭ በዪ" አሉ እናትየው። "ሳትማሪው አድገሽ እኔን ታሰድቢኛለሽ።"

ሠርካዲስ ሳፋው አጠገብ ተቀመጠች። በሕይወቷ አንጀት በእጇ ነክታ አታውቅም። ልቧም እዚያ አልነበረም፤ ስምንት ሰዓት ሆኗል፣ ከወንዙ ዳር በስተቀር የምታስበው የለም። በግ ታርዶ ማየት እንኳ ዛሬ ከበዳት።

"እንዳትበጥሺው። ከጨጓራው ጀምረሽ ተከተዪው። በጫፉ ውሃ አፍስሺና ወደ ታች ግፊው።"

አፈሰሰች። ውሃው ጨጓራው ጫፍ ላይ ክብ ሆኖ ቆመ። በጣቷ ስትገፋው ወደ አንጀቱ ገባ፣ ተጠማዘዘ፣ አንዱን ጥምዝ ጨርሶ ወደ ሌላው አለፈ። እየወፈረ፣ እየነጣ፣ ሳፋው ላይ እየተጓዘ ሄደ።

"አየሽ፣ ይሄ ዛሬ ጠዋት የበላው ነው" አሉ ወይዘሮ ወለተሰንበት በጣታቸው እያመለከቱ። "ያኛው ትናንት የበላው፣ እዚያ ታች ደርሷል።"

የሠርካዲስ እጅ ባለበት ቆመ። ግማሽ ሰዓት። አንድ ሰዓት። ሦስት ሰዓት። በጫካው አፍ ላይ ክብ ሠርቶ የጀመረ መንገድ፣ በየሰዓቱ እየተጠማዘዘ እየራቀ... ቀና ስትል ዓይኗ ጽዱ ላይ ከተሰቀለው በግ ላይ ዐረፈ። በውስጥ በኩል የጀርባ አጥንቱ እኩል እኩል ሆኖ ተራ ገብቷል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ነጭ ነጭ፣ ቤት የመሰለ።

"እማዬ" አለች፤ "የእንስሳት ሐኪም የእንስሳን ሆድ ሳይቀድ ማየት ይችላል?"

"እኔ ምን አውቄ! ለሰው ራጅ የሚሉት ነገር አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። ለእንስሳ ደግሞ..."

ሠርካዲስ መልሱን ሰምታ አልጨረሰችም። ሳፋውን ገልብጣው ተነሣች። "ኧረ እጅሽን! እጅሽን እንኳ ታጠቢ!" የሚለው የእናቷ ጩኸት ከግቢው በር አልፎ ተከተላት። ነጠላ የላትም፣ ጫማ የላትም። ሰው ቢያያት አበደች ይላል። በሕይወቷ እንደዚያ ሮጣ አታውቅም፤ ሥላሴን፣ ማርያምን፣ ሚካኤልን እየጠራች ቁልቁለቱን ወረደች። ደርሼ ሬሳውን ባገኝስ የሚለው ሐሳብ ሲመጣባት እያለቀሰች ሮጠች።

*

ኢዶሳ ሾላው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ነጭ ልብስ ለብሷል፤ ከጎረቤት የተዋሰው ሳይሆን አይቀርም፣ እጅጌው አጥሮታል። እጁ ወደ ኋላ ታስሯል፤ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደም ደረቱ ላይ ወርዷል። ከጫካ የመጡት ሁለት ሰዎች በግራና በቀኙ ቆመዋል። የአንደኛው ሽጉጥ ከብብቱ ወጥቷል። አቶ ወልደ ሚካኤል ፊልሞቹን ይዘው ከፊቱ ይንጎራደዳሉ።

"ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅህ። ይሄ የየት አገር ነው?"

"ነገርኳችሁ እኮ። የድመት ሆድ ነው።"

ባለ ሽጉጡ ሳቀ። "የድመት ሆድ ይላል! ምነው ትንሽ ሻል ያለ ውሸት ብታዘጋጅ?"

"ሆድ ነው!" የሚል ጩኸት ከበላያቸው መጣ። ሠርካዲስ በዳገቱ ተንሸራታ፣ ወድቃ፣ ተነሥታ ከመካከላቸው ገባች። ሁለት እጇ እስከ ክርኗ ድረስ ደምና ፈርስ ነው። "አጎቴ፣ ሆድ ነው! አሁን በእጄ ይዤው መጣሁ! መንገድ አይደለም፣ አንጀት ነው። ቤቶቹን ይቁጠሯቸው፣ የጀርባ አጥንት ናቸው። በማርያም፣ አንዴ ብቻ መልሰው ይዩት!"

ሽጉጥ የያዘው ሰው ወደ አቶ ወልደ ሚካኤል አየ። አቶ ወልደ ሚካኤል ፊልሙን ወደ ፀሐይ አነሡት። በስንት ሠርግና በስንት ተዝካር ሥጋ የበለቱ ሰው ናቸው፤ ብልትን ዓይናቸው ተጨፍኖ ይለያሉ። አሁን "ሆድ" ተብሎ ሲነገራቸው ግን ፊልሙን አቁመው፣ አጋድመው፣ አዙረው ለብዙ ጊዜ አዩት። ከነጫጮቹ ቤቶች እንደ ክር የቀጠኑ መስመሮች ሲወርዱ ታዩዋቸው። አንድ ሁለት ብለው ቆጠሩ።

"ጎድን" አሉ ቀስ ብለው። "ጎድኑ ይኸው። ፈጣሪዬ።" ከዚያ ጮክ ብለው፣ "ፍቱት!" አሉ።

ኢዶሳ ሲፈታ የእጁን አንጓ እያሸ ተነሣ። ፊልሙን ከሽማግሌው እጅ ተቀበለና፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ በቢጫ ጣቱ እያመለከተ ነገራቸው። ድምፁ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ስለ ሥራው ሲናገር ግን እየጸና ሄደ።

"ኖራ የመሰለ ነጭ መድኃኒት አለ። በወተት በጥብጠን ድመቷን እናጠጣታለን። መድኃኒቱ በደረሰበት ሁሉ ራጁ ነጭ ሆኖ ያሳያል። በግማሽ ሰዓት ገና ጨጓራዋ ውስጥ ነው። በአንድ ሰዓት ቀጭኑ አንጀት ገባ። በሦስት ሰዓት ወፍራሙ ዘንድ ደረሰ። ጥቁር ጥቁሩ አየር ነው፤ እሱም የጤና ነው። አንጀቷን እዩት፣ ከዚህ እስከዚህ ውፍረቱ አንድ ነው፣ የትም አላበጠ፣ የትም አልተዘጋ። ደህና ድመት ናት።"

"ደህና ከሆነች ራጅ ለምን አነሷት?" አለ ባለ ሽጉጡ፤ ነገሩ ስቦት ሽጉጡን ወደ ብብቱ መልሷል።

"የአንድ ሹም ሚስት ድመት ናት። ቤት ቢቀይሩባት አኩርፋ ምግብ ተወች። ሌላ ምንም የላትም።"

"የደህናይቱን ፊልም ምን ብለህ ሰረቅህ ታዲያ?"

"ሐኪሙ የታመመውን ያስቀምጣል፣ የደህናውን ይጥላል" አለ ኢዶሳ። "እኔን የሚያስተምረኝ የለም፤ ለአበሻ ክልክል ነው። አጥበህ አምጣ እንጂ እይ አይሉኝም። የጤናውን ሳላውቅ ደግሞ የበሽታውን በምን ልለየው? ስለዚህ የሚጥሉትን እየለቀምኩ አጠናለሁ። እነሱ አንድ ቀን ይሄዳሉ። ያን ቀን መሣሪያው ቢቀር የሚያነበው ሰው አይጥፋ ብዬ ነው።"

  ሠርካዲስ እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች ቆማ ነበር፤ የምትጠርገው ነገር አልቆም አሁንም ትጠርጋለች።

"ለዚህች ልጅ ብትነግራት ምን ነበረበት?" አሉ አቶ ወልደ ሚካኤል።

ኢዶሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እሷ ዞረ። "አባቴ የቤታቸውን በቅሎ ሲጠብቅ ኖረ" አለ። "እኔ ደግሞ የጣሊያን ድመት ወተት ሳጠጣ ነው የምውለው ብዬ እንዴት ልንገራት? የሰፈሩ ልጅ ወተት ካየ ስንት ጊዜው ነው? አፈርኩ።"

አቶ ወልደ ሚካኤል ሦስቱንም ፊልሞች በጥቁሩ ወረቀት መልሰው ጠቀለሉና በሁለት እጃቸው ሰጡት። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ለበቅሎ ጠባቂ ልጅ አንገታቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ሠርካዲስ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። "ይቅር በለን ልጄ። የደም ዘመን ነው። ደብዳቤውን ያስጻፍኳት እኔ ነኝ፤ እሷን አትቀየማት" አሉት።

በደግነት ነበር ያሉት። ምነው ሳይነገር በቀረ ብዬ እስከ ዛሬ የምቆጨው ግን በዚያ ቃል ነው። ኢዶሳ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የመሰለው፣ ሰዎቹ ደብዳቤውን እሱ ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ አንብበው፣ እሷን አስፈራርተው መምጣታቸው ነበር። እንዲያውም ሲደበድቡት የሠርካዲስን ስም አንዴም አላነሣም፤ ጉዳት እንዳያገኛት ብሎ።

"ያስጻፉት?" አለ።

ሽማግሌው ምን እንዳደረጉ የገባቸው ዘግይቶ ነው።  ሁለቱን ሰዎች በምልክት ጠርተው ሽቅብ ወጡ።

*

ሾላው ሥር ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ሠርካዲስ እግሩ ላይ ልትወድቅ ጎንበስ ስትል ኢዶሳ በክንዷ ይዞ አቆማት፤ ከዚያ ወዲያው ለቀቃት።

"ባንዳ መስዬሽ ነበር" አላት።

"አዎ።"

"ሊገድሉኝ እንደሚችሉ ታውቂ ነበር።"

"አዎ" አለች። ከዚህ የሚያንስ መልስ ቢኖራት ታፍር ነበር፤ የሚበልጥም አልነበራት። "ወንድሜን ያስገደልኩት መስሎኝ ነበር፣ ኢዶሳ። አንተን መጠየቅ ሲገባኝ ፊትህን ሰለልኩ። አንዴ ከጠረጠርኩህ በኋላ ዝም ብትልም ክፉ፣ ብትናገርም ክፉ ሆንክብኝ። የጣትህ ሽታ እንኳ መሰከረብህ።"

ኢዶሳ ተመልሶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ከደረት ኪሱ ደብዳቤዋን አወጣ። ብዙ ጊዜ ተከፍቶ ስለታጠፈ ወረቀቱ ማጠፊያው ላይ ሊለያይ ደርሷል። ጥጉን ደም ነክቶታል።

"'የኔ ኢዶሳ' ብለሽ ጽፈሽልኝ አታውቂም" አለ። "አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ይቺን ይዤ ነው የኖርኩት። ከሥራ ስወጣ አነባታለሁ። ጨለማው ክፍል ውስጥ እንኳ፣ ማንበብ በማይቻልበት፣ እጄን ኪሴ ከትቼ እነካታለሁ። ዛሬ ጠዋት ታጥቤ ልብስ ስዋስ ሰው ሁሉ ሙሽራ መሰልክ ሲለኝ ዋለ።"

"ኢዶሳ..."

"የድመት ሆድ ማንበብ በራሴ ተምሬያለሁ። ይቺን ግን አላወቅሁባትም።" ወረቀቱን ዘረጋላት። "አንቺ አንብቢልኝ። የአጎትሽ የቱ ነው፣ ያንቺ የቱ ነው?"

ሠርካዲስ ወረቀቱን ተቀበለች። እንባዋ ፊደሉን አደበዘዘባት፤ ግን ማየት አላስፈለጋትም፣ በቃሏ ነው የምታውቀው።

"ቦታውና ሰዓቱ የእሳቸው ነው" አለች። "ሌላው የኔ ነው። ስጽፈው ውሸት መስሎኝ ነበር። እግዜር ያሳይህ፣ ውሸት ነው እያልኩ ራሴን እየሸነገልኩ፣ ዓመት ሙሉ ልልህ ፈልጌ ያልቻልኩትን ሁሉ ነው የጻፍኩት።"

"በምን አምንሻለሁ?"

 እሷ እሱን በምንም አላመነችውም፤ እሱ በምን ይመናት? ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አቅርባ ማንበብ ጀመረች። "የኔ ኢዶሳ..." ድምፅዋ ተሰበረ። ዋጠችና ቀጠለች። "ያን ቀን የሸሸሁህ ጠልቼህ አይደለም። የሚያስፈራኝ አንተን መውደዴ ነው..." ቦታውና ሰዓቱ ያለበትን መስመር ዘለለችው። "እናቴ ወደደችም ጠላችም ሚስትህ እሆናለሁ።"

ኢዶሳ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ይሰማ ነበር። ያልቅስ ይጸልይ፣ ይቅር ይበላት ወይም ይርገማት፣ ከእጁ ውጪ የሚታይ ምንም የለም። ቀና ሳይል፣ "ድገሚው" አላት።

ደገመችው። ሲያልቅ "አሁንም" አላት። ሠርካዲስ እንደገና ከላይ ጀመረች። ብታቆም ተነሥቶ የሚሄድ መስሏት በጣም ፈርታ ነበር።